ዲኤንኤ ላቦራቶሪ ሳይደርስ የሚጠፋባቸው ስህተቶች

ክረምት ላይ ፒያሳ አካባቢ ዝናብ የመታው፣ ደም የነካው ጃኬት ተገኘ እንበል። ያገኘው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ፌስታል ነው። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸው ነው። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራቡበታል፤ የሚያመነጩት ኢንዛይም ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል። ጃኬቱን በረንዳ ላይ ለፀሐይ ማስጣትም መፍትሔ አይደለም፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ያንኑ ሞለኪውል ይጎዳል። ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግተው፣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል፣ ያለ ማሞቂያ ያድርቁት። ሲያጥፉት አንዱ እድፍ ሌላውን እንዳይነካ በየእጥፋቱ ወረቀት ያስገቡ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ። ፖስታውን በምራቅ አያሽጉ፤ ምራቅ ውስጥ የእርስዎ ሴሎች አሉ። ፕላስተር ይበቃል።

ወለል ላይ የደረቀ ደም ሲነሳ ደግሞ ውኃ ማብዛት የተለመደ ነው። ጥጡ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ንጹሕ የተጣራ ውኃ አድርገው እድፉን ያንሱ፤ ወዲያው በደረቅ ጥጥ ያንኑ ቦታ ይድገሙት። ሁለቱም ይደርቁ፣ ሁለቱም ይላኩ። ጓንት በየናሙናው ይቀየር። ጥጡም ቢሆን ከጀርም መጽዳቱ ብቻ አይበቃም፣ ከሰው ዲኤንኤም ነጻ መሆን አለበት። የጀርመን ፖሊስ ለዓመታት በየወንጀሉ ቦታ «አንዲት ሴት» ሲያሳድድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲኤንኤው ጥጡ በተዘጋጀበት ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ሆኖ ተገኘ።

ሉሚኖል (የደም ዱካ ለመፈለግ የሚረጭ፣ ደም ሲያገኝ የሚያበራ ኬሚካል) በራ ብሎ «ደም ነው» ብሎ መጻፍ ሌላው ስህተት ነው። ሉሚኖልን የሚያበራው የሄሞግሎቢን ብረት ነው፤ ግን በረኪናም፣ መዳብም፣ ዝገትም ያበሩታል። እኛ ዘንድ ወለል በበረኪና መታጠቡ ብርቅ ስላልሆነ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የበረኪናው ብርሃን ብዙ ጊዜ ወለሉን ሁሉ ብልጭ ብሎ ያዳርስና ቶሎ ይጠፋል፤ የደሙ ቆየት ይላል። ይህም ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ «ደም ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይጻፍና በማረጋገጫ ምርመራ ይታይ። በዓይን የሚታይ እድፍ ካለ ፎቶ ተነሥቶ፣ ናሙናው ተወስዶ ነው ሉሚኖል የሚረጨው።

ለማነጻጸሪያ የሚቀዳ ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይሁን። አረንጓዴው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን አለበት፤ ሄፓሪን ደግሞ ዲኤንኤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚባዛበትን ዘዴ፣ ፒሲአርን፣ ያግዳል። ለዲኤንኤ የሚፈለግ የአስከሬን ሥጋም ፎርማሊን ውስጥ አይገባም፣ ይቀዘቅዛል እንጂ።

ፀጉር ከተገኘ ሥሩን ይመልከቱ። ሥር የሌለው ፀጉር በአብዛኛው የሚሰጠው የማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ ክፍል) ዲኤንኤ ነው፤ እሱ ደግሞ በእናት በኩል ስለሚወረስ የአንድ እናት ልጆችን አይለይም። ሪፖርቱ ላይ «የተጠርጣሪው ነው» ሳይሆን «የእሱ ወይም የእናቱ ወገን ሊሆን ይችላል» ነው የሚባለው።