የሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን ቅርስ የሚያጠና ማዕከል በደሴ ለማቋቋም

እንዲህ ያለ ማዕከል ሲታሰብ ኮሚቴው ብዙ ጊዜ የሚጣደፈው ቦታ ለማስፈቀድና ሕንፃ ለማስነደፍ ነው፤ በእኔ እምነት ግን መጀመሪያ መዘጋጀት ያለበት የጽሑፎቹ መዝገብ ነው። ሼህ ጦልሃ በ1870 ዓ.ም. ለደሴ ቅርብ በሆነው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የተላለፈውን ውሳኔ በመቃወም ከተነሡት መሪዎች አንዱ ከመሆናቸውም በላይ፣ በዐጀሚ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ መንዙማ የደረሱ ዐሊም ናቸው። ስለዚህ የትኛው ግጥም በማን ቤት፣ በስንት ቅጠል፣ በምን ይዞታ እንደሚገኝ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

ወደ ባለቤቶቹ ቤት ሲኬድ በአካባቢው የሚከበር ሽማግሌ ይቅደም፤ ጥራዙም ለአንድ ቀን እንኳ ከቤቱ አይውጣ። ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ባዶውና ብል የበላው ገጽ ሳይዘለል በተራ ቁጥር ፎቶ ይነሣ። መጽሐፉ የባለቤቱ ሆኖ እንደሚቀጥል የሚገልጽ ወረቀት ተፈርሞ አንዱ ቅጂ እዚያው ይቅር፤ የፎቶው ቅጂም እንዲሁ።

ከባዱ ሥራ ንባቡ ነው። ዐረብኛ ለአጭር አናባቢ ያለው ሦስት ምልክት ብቻ ሲሆን አማርኛ ግን ሰባት አናባቢ አለው፤ ለጨ፣ ለጰና ለኘም በዐረብኛ የራሳቸው ፊደል ስለሌላቸው አንዱ ገልባጭ የጻፈውን ቃል ሌላው በተለየ መንገድ ሊጽፈው ይችላል። በመሆኑም ፎቶው፣ የዐጀሚው ጽሑፍ እንዳለ፣ ከዚያም በግዕዝ ፊደል የተመለሰው ንባብ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አጠራጣሪው ቃል በግምት ከሚታረም ምልክት ቢደረግበት ይሻላል። ጥርጣሬውን ብዙ ጊዜ የሚፈታው መንዙማውን በቃሉ የሚያወርድ አዛውንት ስለሆነ፣ ድምፁ በፈቃዱ ይቀረጽ፤ ተቀባዮቹ የሚመልሱት አዝማችም አይቆረጥ። (ድቤው ድምፁን እንዳይውጠው መቅረጫው ወደ አውራጁ ይጠጋ።)

በሕግ በኩል፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን ስለማይመለከት፣ ማዕከሉ የምርምር ድርጅት መሆኑ በመተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ ሰፍሮ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት ቢመዘገብ ይመረጣል።

የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉን ያየ ሰው ሁሉንም ፋይል አንድ ኮምፒውተር ላይ አያኖርም። አንድ ቅጂ በማዕከሉ፣ ሁለተኛው ከደሴ ውጭ ይቀመጥ፤ በየስድስት ወሩም ሁለቱም ተከፍተው መነበባቸው ይረጋገጥ።