በፈረንሳይ ኮረብታማ ገጠር በብስክሌት ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍታን ከዳገት ጋር ማምታታት

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያደገ ሰው፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የሎት አውራጃ ኮረብታ 300 እና 400 ሜትር ነው ሲሉት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔም አልቆጠርሁትም ነበር። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሁለተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ዕቃ የተጫነ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ስወጣ ነው ስህተቴን የተረዳሁት።

እግርን የሚጨርሰው ከፍታው ሳይሆን መደጋገሙ ነው። የአገሩ ሰዎች ኮስ የሚሉት የኖራ ድንጋይ አምባ አለ፤ ሎት፣ ሴሌና ዶርዶኝ የተባሉት ወንዞች ይህን አምባ ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሰው ቅርጹ ይገባዋል፦ ቁልቁል ወርዶ ድልድይ፣ ከድልድዩ እንደገና ሽቅብ። ልዩነቱ እዚህ ሸለቆው ትንሽ መሆኑና በአንድ ቀን አራት አምስት ጊዜ መምጣቱ ነው። እያንዳንዱ አቀበት 150 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ማታ ሲደመር 600 ሜትርና ከዚያ በላይ ተወጥቷል ማለት ነው።

መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ይኸው ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው። ሜዳ ላይ በቀን 80 ኪሎ ሜትር የለመደ ሰው እዚህም 80 ያቅዳል፤ ማረፊያውንም በዚያው ልክ ከፍሎ ይይዛል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከሰዓቱ ጋር ሲታገል ይውላል። እኔ አሁን በመጀመሪያ የማየው የቀኑን ጠቅላላ አቀበት ነው፤ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበትም በሜዳ ከሚፈጀው ጊዜ ላይ 10 ደቂቃ እጨምራለሁ። በዚህ ስሌት 1,000 ሜትር አቀበት ያለበት ቀን መቶ ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ይበላል። ቁልቁለቱ የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው።

የወረቀት ካርታም ይያዙ። በሚሸሊን ካርታዎች ላይ መንገዱን የሚያቋርጡ ትንንሽ የቀስት ጫፎች አሉ፤ የሚያመለክቱት ወደ ሽቅቡ ነው። አንድ ሲሆን ዳገቱ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ሲሆን ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ሲሆን ከዚያ በላይ ነው። ሦስት ቀስት ያለበትን መንገድ ከምሳ በኋላ አይምረጡ። በስልክ አጭሩን መንገድ ብቻ የሚከተል ሰው ግን ሳያውቀው በዚያው መንገድ ሽቅብ ይላካል፤ አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ ሸለቆውን በቀጥታ የሚሻገረው ነውና። ከፊዣክ ከተማ ተነሥቶ የሴሌን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሎት የሚወርደው ዲ 41 የተባለው መንገድ ይጠማዘዛል፤ ዳሩ ግን ውሃው የሄደበትን መንገድ ስለሚከተል እግርን አይጨርስም። አንድ ቀን በሸለቆ፣ አንድ ቀን በአምባው ላይ እያሉ ማፈራረቅ ይቻላል።

በውድድር ማርሽ መውጣት

ቱር ደ ፍራንስን በቴሌቪዥን እያየ ያደገ ሰው ዓይኑ የተወዳዳሪ ብስክሌት ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በዚያ ውድድር ሲሳተፍ ያየን ሁሉ ልባችን ሞልቷል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ድንኳን አልጫኑም፤ ውሃቸውንም መኪና ተከትሎ ያቀብላቸዋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የፊቱ ማርሽ የጥርስ ብዛት 39፣ የኋላው 25 ከሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ወደ 3.3 ሜትር ይሄዳል። አሥር በመቶ ዳገት ላይ ዕቃ የጫነ ሰው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መልካም ነው፤ ያ ማለት ፔዳሉን በደቂቃ 30 ጊዜ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ዙር ጉልበቱን እያስጨነቀ ይረግጣል። የፊቱን 30፣ የኋላውን 34 ካደረጉት ግን በአንድ ዙር 1.85 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ፤ በዚያው ፍጥነት እግር በደቂቃ ከ50 ጊዜ በላይ ይዞራል። ጉልበት የሚተርፈው በዚህ ነው። ከጉዞው በፊት ብስክሌት ጠጋኝ ጋር ሄደው ይህን አንድ ነገር ያስለውጡ፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

ቀላል ማርሽ የደካማ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎት ነገሩ አዲስ አይደለም። ቬሎሲዮ በሚል ስም የሚታወቀው የሴንት ኤትየን ከተማ ብስክሌተኛ ፖል ደ ቪቪ ከመቶ ዓመት በፊት ለተራራ ብዙ ማርሽ ያስፈልጋል ብሎ ሲከራከር ኖሯል፤ ቱር ደ ፍራንስ ግን በጉዞ ላይ ማርሽ መለወጫን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ቬሎሲዮ ለተጓዦች ከተዋቸው ምክሮች መካከል ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ፣ ለታይታ ብለህ ፔዳል አትርገጥ የሚሉት ዛሬም ይሠራሉ።

ዳቦና ውሃ መንገድ ላይ አገኛለሁ ማለት

የፈረንሳይ ገጠር የሚተኛበት ሰዓት አለው። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትንንሽ ሱቆች ይዘጋሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጭር ይላል፤ ሰኞም ብዙ ዳቦ ቤቶች ዝግ ናቸው። ምግብ ቤትም ቢሆን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ ምሳ አያቀርብም። ስለዚህ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ መነሣት፣ ለእሑድና ለሰኞ ደግሞ ቅዳሜ ማሰብ ነው። ፍልሰታን ለሚጾም ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጾሙ የሚውለው ፈረንሳዮች ለእረፍት በሚወጡበት በነሐሴ ነው፣ የገጠር ምግብ ቤት ምሳም አብዛኛውን ጊዜ ሥጋና ቅቤ አያጣም። እኔን የያዘኝ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ በለስና የዚያ አካባቢ ሰዎች በብዛት የሚያለሙት ዋልነት ነው። ዋልነቱን በኪስ ይዞ በየአቀበቱ አፍ ላይ ጥቂት ፍሬ መቆርጠም ቀላል ነው።

ውሃን በተመለከተ ብስክሌተኞች እርስ በርስ የሚነጋገሩት አንድ ነገር አለ፦ መቃብር ሥፍራ ይፈልጉ። በየመንደሩ ዳር፣ በድንጋይ አጥር የተከበበ መቃብር አለ። የብረት በሩን ገፋ ሲያደርጉት ሲጥ ይላል፤ ውስጡ ጸጥታ ነው። ከግድግዳው ጥግ አበባ ለማጠጣት የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ውሃ ማጠጫዎች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ቧንቧ አለ። በጠራራ ፀሐይ ያንን ቧንቧ ከፍቼ ውሃው መጀመሪያ ሞቅ ብሎ፣ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ በእጄ የያዝሁበት ቀን አይረሳኝም። ኮፍያ አውልቆ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ገብቶ መውጣት ነው፤ የሰው ወገን ያረፈበት ቦታ ነውና። ከቧንቧው በላይ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ውሃው አይጠጣም ማለት ነው፤ ይለፉት።

ቁልቁለትን እንደ እረፍት ማየት

አቀበት ያደክማል እንጂ እምብዛም አይጥልም፤ የሚጥለው ቁልቁለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአውራጃ መንገዶች ይታደሳሉ፦ ሬንጅ ይረጭና ጠጠር ይበተንበታል፣ የሚያልፉ መኪናዎች እስኪጨፈልቁት ድረስ። «ግራቪዮን» (ጠጠር) የሚል ምልክት ካዩ ፍጥነት ይቀንሱ። ጠጠሩ የሚከማቸው በመታጠፊያው መሃልና ዳር ስለሆነ፣ ፍሬን መያዝ ያለበት መታጠፊያው ሳይደርስ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ልማድ አይሁንብዎ፤ ጎማው የተገጠመበትን ክብ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ግለቱ ጎማ እስከማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ይሻላል። እኔ በመሃል ቆም ብዬ ከላይ የመጣሁበትን ገደል አያለሁ፤ ፍሬኑም ይቀዘቅዛል።

ከከተማ ውጭ ሲመሽ ወይም ጭጋግ ሲሆን አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ በሕግ ግዴታ ነው። ጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ማድረግም የተከለከለ ነው። መኪና ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን ሲቀድም 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ አብዛኛው አሽከርካሪ ያከብረዋል።

ሰላምታን መዝለል

ዳቦ ቤት ሲገቡ ከሁሉ በፊት «ቦንዡር» ይበሉ። እኛ ሰላም ሳይባባሉ ጉዳይ መጀመር ነውር መሆኑን ስለምናውቅ አይከብደንም፤ ደክሞንና ላብ አጥምቆን ስንገባ ግን እንረሳዋለን። ያቺን ቃል የሰሙ አንዲት ሽማግሌ ባለ ሱቅ ለመዝጋት የያዙትን በር መልሰው ከፍተውልኛል።

ባቡሩን ለመጨረሻ ማቆየት

ከፓሪስ ወደ ቱሉዝ የሚሄደው ነባሩ መስመር በሎት አውራጃ ዋና ከተማ በካኦር ያልፋል፤ ለጉዞው መነሻም መድረሻም ይመቻል። በዚህ መስመር በሚሄደው የረጅም ርቀት ባቡር ላይ ግን የብስክሌቱ ቦታ ለብቻው አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ቦታው ደግሞ ጥቂት ነው፣ በእረፍት ወራት ቶሎ ይሞላል። የራስዎን ቲኬት በሚቆርጡበት ጊዜ የብስክሌቱንም አብረው ይቁረጡ፤ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም።