ከሴስና አውሮፕላን ወደ ፓይፐር ስትሸጋገሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ዝም ይላል። አንደኛው ታንክ ግን ጢም እንዳለ ነው።

ምክንያት፦ አብራሪው ያደገው ሴስና 172 ላይ ነው። እዚያ የነዳጅ መምረጫው (ሞተሩ ከየትኛው ታንክ እንደሚጠጣ የሚወስነው) «ሁለቱም» ላይ ተደርጎ ይረሳል፤ ታንኮቹ ያሉበት ክንፍ ከላይ ስለሆነ ነዳጁ በክብደቱ ይወርዳል። ፓይፐር ቸሮኪ «ሁለቱም» የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ግራ ነው ወይ ቀኝ፣ ነዳጁንም ከታች የሚስበው ፓምፕ ነው።

ይህን ስንቴ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ። አንዱ 300 ሰዓት በሴስና የበረረ ልጅ በግራ ታንክ ከአዲስ አበባ ጅማ መጣ። ቡና ጠጣን፣ ነዳጅ ሳይሞላ የማረፍ ልምምድ ጀመርን። ልምምዱ አንድ ሰዓት ያህል ሲሞላው መሪውን ወደ ግራ ይዞ አየሁት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ነፋስ ነው ጋሼ።»

የነፋስ ጠቋሚው ጨርቅ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሏል። የግራው ክንፍ ቀሎ የቀኙ ከብዶ ነው። «ታንክ ቀይር» ስለው እጁ የት ሄደ? ወንበሮቹ መሃል፣ ወለሉ ላይ! የሴስናው መምረጫ ያለው እዚያ ነው። የቸሮኪው በግራ ግድግዳ፣ ጉልበቱ አጠገብ ነው። ጽሑፉ የተፋቀ ስለነበር ባለቤቱ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን አትነሱ።

መፍትሄ፦ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ የመንሸራተቻ ፍጥነት (ያለ ሞተር ሩቅ የሚያደርሳችሁን) ያዙ። ሞላ ያለውን ታንክ ምረጡ፣ ፓምፑን አብሩ፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚመጥነው እጀታ) ወደፊት፣ የካርቡሬተር ሙቀት (በረዶ የሚያቀልጠው ሙቅ አየር) ክፈቱ። ወዲያው ካልተነሳ መምረጫውን አትመላልሱ! ቧንቧው እስኪሞላ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። አንዱ ደንግጦ «ዝግ» ላይ አድርጎታል። ከዚያ በኋላ በየ30 ደቂቃው ቀይሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ልትነሱ ስትሉ ግን አትቀይሩ፤ የምትነሱበትን ታንክ ሞተር ከመሞከራችሁ በፊት ምረጡ፣ ችግር ካለ መሬት ላይ ይታይ። የነዳጅ ጠቋሚውን አትመኑ፣ ታንኩን ከፍታችሁ እዩ።

ምልክት፦ ለማረፍ ሲቃረብ መሪው ይላላል፣ የስቶል ማስጠንቀቂያው (ክንፉ መሸከም ሊያቆም ሲል የሚጮኸው) ይጮኻል፣ የፍጥነት መለኪያው ግን 65 ይላል።

ምክንያት፦ የድሮው መለኪያ የሚያነበው በማይል ነው፤ አብራሪው የለመደው ግን ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ነው። 65 ማይል በሰዓት 56 ኖት ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ አፍንጫ ዝቅ፣ ስሮትል (የሞተር ጉልበት መስጫው) ሙሉ፣ ዙሩና እንደገና ግቡ። ከመነሳታችሁ በፊት የመለኪያውን ፊት አንብቡ፤ ዓይን አላችሁ።

ምልክት፦ ለመነሳት ሲያኮበኩብ ይዘገያል፣ ሞተሩ ያንኮራፋል።

ምክንያት፦ ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ሚክስቸሩን ሙሉ በሙሉ ወደፊት ገፍቶ መነሳት የዝቅተኛ ቦታ ልማድ ነው። መፍትሄው ስሮትሉን ሙሉ ከፍቶ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር እስኪሰጥ ሚክስቸሩን መሳብ፣ ከዚያ ትንሽ መመለስ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጨምር ማኮብኮቢያው ያጥርባችኋል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ አንዳንድ ድሮ የተሠሩ ቸሮኪዎች የእግር ፍሬን የላቸውም፣ በእጅ የሚሳብ ብቻ ነው። ይህን ያልነገርኩት ሰው ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ባዶ ፔዳል እየረገጠ ነበር።