ጎርጎራ ስትወርዱ ጀልባውን ጠዋት

ከጎንደር ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ከቤተሰብ ጋር የምትወርዱ ከሆነ፣ የጀልባውን ነገር ጠዋት ጨርሱት። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይመጣል። እኛ ባለፈው ዓሣችንን በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ተዝናንተን ተሳፈርን። የትንሿ ልጄ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

መንገዱ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ይመስላል፤ ግን ከብቱ መንገዱን የራሱ ስላደረገው አትቸኩሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ከመንገድ አትውጡ፣ የዚያ የደምቢያ አገር ዋልካ ጭቃ ጎማ ከያዘ አይለቅም። ነዳጅና ጥሬ ብር ከጎንደር ያዙ። መኪና ለሚያጥወለውለው ልጅ ሎሚ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ።

ታች ሙቀት ነው፣ የጎንደሩን ሹራብ አታብዙ። ነጠላ ግን አትርሱ፤ ደብረ ሲና ማርያምን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል፣ የግድግዳው ሥዕል ብቻውን ያስኬዳል። ማደር ካሰባችሁ አልጋው አጎበር እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ደምቢያ የወባ አገር ነው።