ብስክሌት፣ የእግር ጉዞና ፍል ውሃ፦ በአስጎብኚ የሚመራ የአንድ ቀን የገጠር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ብስክሌት መንዳት፣ በእግር መጓዝና ፍል ውሃ መታጠብ በአንድ ቀን ሲጣመሩ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ርቀቱ ነው። ቀኑን የሚያሳምረውም ሆነ የሚያበላሸው ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድምና ለእያንዳንዱ ምን ያህል ሰዓት እንደሚያዝ ነው።

1. ቅደም ተከተሉንና ሰዓቱን መወሰን

ብስክሌቱ በማለዳ፣ የእግር ጉዞው ከዚያ ቀጥሎ፣ ፍል ውሃው ደግሞ በመጨረሻ ይሁን። ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፣ ጡንቻንም ያፍታታል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ወይም ድንጋያማ ዳገት መውጣት አደጋን መጋበዝ ነው። ፍል ውሃውን ለእኩለ ቀን የሚመድብ መርሐ ግብር ከቀረበላችሁ እንዲቀየር ጠይቁ።

ሰዓቱን ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል። ለእግር ጉዞው ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀመር ዛሬም ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ይያዝና ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ስሌት 300 ሜትር ዳገት ያለበት የ6 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይፈጃል። ቀመሩ ዕረፍትን ስለማይቆጥር አቅማቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲጓዙ ሁለት ሰዓት ተኩል መያዝ ይበጃል። አልፎ አልፎ ብቻ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በጠጠር መንገድ ላይ በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅምና 25 ኪሎ ሜትር ከነዕረፍቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለምሳ 1 ሰዓት፣ ለፍል ውሃው 2 ሰዓት፣ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ለመመለሻ ደግሞ 1 ሰዓት ሲታከልበት ድምሩ ከ9 ሰዓት ይበልጣል። ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት ከሆነ ከጉዞው ላይ መቀነስ እንጂ ለመፍጠን መሞከር አያዋጣም።

2. ከአስጎብኚው ጋር አስቀድሞ መነጋገር

ጥሩ አስጎብኚ መንገዱን የሚያውቀው በቅርብ ጊዜ ስለሄደበት ነው፤ ዝናብ ድልድይ ይወስዳል፣ የታረሰ ማሳም የእግር መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ መንገዱን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሄደበት፣ ሰው ቢጎዳ መኪና የሚደርስባቸው ቦታዎች የት የት እንደሆኑ፣ ከኋላ ሆኖ የሚከተል ረዳት እንዳለውም መጠየቅ ተገቢ ነው። በተራው እሱም ከእናንተ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ እርግዝና፣ እንዲሁም ከልጅነቱ ወዲህ ብስክሌት ያልነካ ሰው መኖሩን። ይህንን የመጨረሻውን ሰዎች አፍረው ይደብቁታል፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ግን ይገለጣል።

3. ብስክሌቱን መፈተሽና መንዳት

ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ ማድረግ፣ ከዚያም ፔዳሉን እስከ ታች መግፋት ነው፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ የኮርቻው ከፍታ ልክ ነው፤ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረገጥ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ይላል። የፍሬኑ መያዣ ሲጨበጥ ከመሪው ጋር መነካካት የለበትም። የጎማው የአየር መጠን ጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለጠጠር መንገድ ከተጻፈው ወደ ዝቅተኛው የቀረበው ይመረጣል፣ ጎማው መሬቱን በደንብ ይይዛልና።

ለእያንዳንዱ የጎማ መጠን የሚሆን መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ማውጫና መንፊያ መያዝ ግዴታ ነው። ጎማ ሲፈነዳ አዲሱን ካላማዳሪያ ለማስገባት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መዳሰስ ያስፈልጋል። የወጋው እሾህ ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል፤ ከውጭ አይታይም፣ ከውስጥ ግን ጫፉ ብቅ ብሎ ይገኛል። እሱ ካልተነቀለ አዲሱም ብዙም ሳይርቅ ይተነፍሳል።

በቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው፤ ሁለቱም ፍሬኖች በእኩል ለስለስ ተደርገው ይያዛሉ። ከብቶች ሲያጋጥሙ ፍጥነት ቀንሶ፣ ድምፅ እያሰሙና ርቀት ጠብቆ ማለፍ ነው፤ ከኋላ በድንገት የመጣ ብስክሌት ያስደነብራቸዋል።

4. ከኮርቻ ወርዶ በእግር መጓዝ

ብዙ ፔዳል የመታ እግር መሬት ሲረግጥ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በዝግታ መራመድ ያስፈልጋል። በላብ የራሰውን ካልሲ እዚሁ በደረቅ መቀየር ውኃ የሚቋጥር ቁስልን ይከላከላል፤ ተረከዝ ላይ ማቃጠል ከተሰማ እዚያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፣ ቆዳው ካበጠ በኋላ ጊዜው አልፏል።

5. ወደ ፍል ውሃው መግባት

እዚህ ላይ ነው ሰው ጥንቃቄውን የሚተወው፤ ደክሟል፣ ውሃውም ያማልላል። ምንጩ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ሊፈላ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ በዙሪያው ያለው መሬትም ስስ ሆኖ ሊደረመስ ስለሚችል ከተከለለው መንገድ መውጣት አይገባም። ለመታጠቢያ የሚስማማው ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። እንደደረሱ ከመግባት ይልቅ ለሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶና ላብን ታጥቦ መግባት ይገባል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ መውጣት፣ ማረፍ፣ ከተፈለገም እንደገና መግባት ይቻላል። ሲወጡ መጀመሪያ ዳር ላይ መቀመጥ ነው፤ ብድግ ማለት ራስን ያስታል።

ፊትና አፍንጫ ውሃው ውስጥ መነከር የለባቸውም። ኔግሌሪያ ፋውለሪ የተባለችው አሜባ በሞቃት ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ውስጥ ትኖራለች፤ በአፍንጫ ገብታ አንጎልን ታጠቃለች። እምብዛም የማያጋጥም ሕመም ቢሆንም ከያዘ በኋላ የሚተርፍ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ነፍሰ ጡሮች ከመግባት ቢቆጠቡ፣ የልብ ሕሙማን ሐኪማቸውን አስቀድመው ቢያማክሩ ይሻላል፤ የአልኮል መጠጥ ለማንም አይፈቀድ። ድኝ ያለበት ውሃ ብርን ስለሚያጠቁር ጌጣጌጥ ወልቆ ይቀመጥ።

ብስክሌቶቹ ተጓዦቹ ውሃ ውስጥ ሳሉ መኪና ላይ ቢጫኑ ጊዜ ይተርፋል፤ መመለሻውን የሚያሽከረክረው ሰው ግን ሙቅ ውሃው እንቅልፍ ስለሚያመጣ እግሩን ብቻ ነክሮ ቢወጣ ይመረጣል።