ሮለር ደርቢ በጅማ፦ ሜዳ ማስመር፣ ዳኛ ማሠልጠን፣ ጨዋታ ማካሄድ

ሮለር ደርቢ ሁለት ቡድኖች በባለ ጎማ ጫማ ሞላላ ትራክ እየዞሩ፣ እየተገፋፉም የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። «ይሄ ስፖርት ነው ወይስ ግርግር?» ለሚል ሰው መልሱ በክርክር አይገኝም። መስመሩ በልኩ ከተሰመረ፣ ሰዓቱ ከተያዘ፣ ቅጣቱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ተመልካቹ ራሱ ይፈርዳል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሊዮ ሴልትዘር እ.ኤ.አ. በ1935 ቺካጎ ላይ ሲጀምረው የጽናት ውድድር ነበር፤ ቆይቶ ለቴሌቪዥን ሲባል ግጭቱ እየገነነ ሄደ፤ ውጤቱ አስቀድሞ የተሰናዳ ትርኢት የሆነበት ጊዜም ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ደርቢ ግን በ2001 ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ከተማ በሴቶች እንደገና የተነሣው ነው። በ2017 ቻይና፣ ናንጂንግ ላይ በተካሄደው የዓለም የሮለር ጨዋታዎች ተካቷል፤ ኦሎምፒክ ግን ገና አልገባም። ቡድን ልታቋቁሙ ስትነሡ ከተጫዋች በፊት ዳኛና መዝጋቢ ፈልጉ የምንለው ለዚህ ነው።

ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን እስከ 15 ተጫዋች ያስመዘግባል፤ በአንድ ጊዜ የሚገቡት 5 ናቸው። አንዷ ሄልሜቷ ላይ ኮከብ ያለበት ሽፋን ያጠለቀች ጃመር፣ ማለትም ነጥብ አስቆጣሪ፣ ስትሆን አራቱ መንገድ የሚዘጉ ብሎከሮች ናቸው፤ ከነሱ አንዷ ባለ መስመር ሽፋን አድርጋ ፒቮት፣ ማለትም የጃመሯን ሽፋን ተቀብላ ልትተካት የምትችል ብሎከር፣ ልትሆን ትችላለች። ሁለት የ30 ደቂቃ አጋማሽ አለ፤ አጋማሹ ቢበዛ 2 ደቂቃ በሚቆዩ ጃሞች ይከፋፈላል፤ በጃሞቹ መካከል 30 ሰከንድ ይሰጣል። ጃመር ብሎከሮቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታልፍ ነጥብ አታገኝም። ቀድማ በሕጋዊ መንገድ ጥሳ የወጣችው መሪ ትባላለች። ከመጀመሪያው ማለፍ በኋላ ማንኛዋም ጃመር በደረበቻት በእያንዳንዷ የተቀናቃኝ ብሎከር 1 ነጥብ፣ በአንድ ዙር እስከ 4 ታገኛለች። መሪዋ ሁለት እጇን ዳሌዋ ላይ ደጋግማ በመምታት ጃሙን ታስቆማለች።

ሜዳው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበቃል ብለው ነው። አይበቃም። ትራኩ ራሱ 26.8 በ16.8 ሜትር ገደማ ሲሆን የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ነው፤ ስፋቱ ያጥራል። ከመስመሩ ውጭም ሲሚንቶው የሚቀጥል ከሆነ ብቻ ያስኬዳል። ዙሪያውን የ3 ሜትር ነፃ ቦታ ስትጨምሩ 33 በ23 ሜትር ግድም ይፈልጋል። የእጅ ኳስ ሜዳ፣ 40 በ20፣ ይሻላል፤ ግን በጎንና በጎን የሚተርፈው 1.6 ሜትር ብቻ ስለሆነ ተመልካች በጎን አይቀመጥም፣ በሁለቱ ጫፎች ብቻ። ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ሜዳ ስትጠይቁ ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁ። መስመሩ በቀለም ሳይሆን በናስትሮ እንደሚሠራና በዕለቱ እንደሚነሣ ጻፉበት፤ ኃላፊዎች መጀመሪያ የሚፈሩት ለወለላቸው ነው።

አሠማመሩ መለኪያ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ጠመኔና ሁለት ሰው ይጠይቃል። በሜዳው ርዝመት ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አስምሩ፤ ከመሐሉ ወደ ግራ 5.33፣ ወደ ቀኝ 5.33 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ነጥብ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ነጥብ በ3.81 ሜትር ሲባጎ ግማሽ ክብ ሠርታችሁ በቀጥታ መስመር አገናኙ፤ ይህ የውስጡ ወሰን ነው። ለውጭው ግን ነጥቦቹን አንቀሳቅሱ፦ አንዱን ከጠመኔው መስመር 30 ሳንቲሜትር ወደ አንድ ጎን፣ ሌላውን 30 ሳንቲሜትር ወደ ተቃራኒው ጎን፤ ከአዲሶቹ ነጥቦች በ8.08 ሜትር ግማሽ ክብ ሠርታችሁ አያይዙ። ይህቺ የ30 ሳንቲሜትር ነገር ትዘለላለች፤ ስትዘለል ቀጥታው ሁሉ እኩል ስፋት ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የቀጥታው አንዱ ጫፍ 3.96፣ ሌላው 4.57 ሜትር መሆን አለበት። ሩጫው ወደ ግራ የሚዞር ነው። የፒቮት መስመር አንዱ ቀጥታ አልቆ መታጠፊያው በሚጀምርበት ይሰመራል፤ የጃመር መስመር ከእሱ 9.14 ሜትር ወደ ኋላ። በትራኩ ዙሪያ በየ3.05 ሜትሩ አጭር ምልክት አድርጉ፤ ዳኛ ርቀት የሚገምተው በዚያ ነው። ከናስትሮው ሥር ቀጭን ገመድ ብትዘረጉ ተጫዋቿ ወሰኑን በጎማዋ ታውቀዋለች፣ ክርክርም ይቀንሳል።

የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ በልግም ላይ ይወርዳል። ልምምድ ጠዋት ይሁን። ሊሾ ወለል እርጥብ ሲሆን መጫወት የለም፤ ጠብታ ሲጀምር ይቆማል። ቀይ አፈሩ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይነሣል፣ ጎማውንም ያንሸራትታል፤ ከመጥረጊያው በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት፣ ሲደርቅ ግቡ። አንዲት ጠጠር ጎማ ሥር ከገባች ሰው በደረቱ ይወድቃል።

ጫማው ባለ ሁለት ረድፍ መሆን አለበት፤ ባለ አንድ መስመሩ ለሚዛን ልምምድ ይሆናል፣ ለጨዋታ አይፈቀድም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ ቁጥር እዩ፦ ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ከ78 እስከ 85፣ ለስላሳ አዳራሽ ውስጥ 90 አካባቢና ከዚያ በላይ። ጠንካራ ጎማ ሻካራ መሬት ላይ እግር ያደነዝዛል፤ ለስላሳው ጎማ ደግሞ ለስላሳ ወለል ላይ ይይዛል፣ ኃይል ይበላል። ዳዶውን በ13 ቁጥር ቁልፍ እስኪጠብቅ አጥብቁና ትንሽ መልሱት፤ ጎማው ሲገፋ በነፃ መዞር፣ በእጅ ሲነካ ደግሞ ጥቂት መነቃነቅ አለበት። በሁለቱ ጫማ 16 ኩሽኔታ አለ። ውኃ የነካውን በዚያው ቀን አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡ (ከእሳት ርቃችሁ)፣ አድርቁ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉበት። ሳይደርቅ ያደረ ኩሽኔታ ይዝጋል። ከፊት ያለችው ማቆሚያ ጎማም መጥበቋን በየልምምዱ ፈትሹ።

ሄልሜት፣ የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያ፦ አንዱ የጎደላት አትገባም፣ ልምምድም ቢሆን። ሂጃብ የምታደርግ ተጫዋች ከሄልሜቱ ሥር ቀጭንና ተጣባቂ ጨርቅ ታድርግ፤ መርፌ ግን አይደረግም፣ ሄልሜቱ ሲመታ ራስ ላይ ይገባል። ረጅም ቀሚስ ጎማ ይይዘዋል፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ሰብሰብ ተደርጎ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚሠለጠነው መውደቅ ነው። አንድ ጉልበት፣ ሁለት ጉልበት፣ ጣት ወደ ውስጥ ተጨብጦ፤ የተዘረጋ ጣት ላይ የሌላ ሰው ጎማ ያልፋል። ከዚያ እግርን ከፍቶ ተረከዝ በመግፋት መቆም፣ ከዚያ መታጠፊያ ላይ እግር ማቋረጥ። በ5 ደቂቃ 27 ዙር ለዓመታት የመግቢያ መለኪያ ነበር፤ ጥሩ ግብ ነው፣ ግን ፈጥና ማቆም የማትችል ፈጣን ተጫዋች ከዝግተኛዋ ይልቅ ታስፈራለች። መግፋት የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በትከሻ፣ በጎን፣ በዳሌ መግፋት ይፈቀዳል። ጀርባን፣ ራስን፣ ከጭን አጋማሽ በታች መምታት አይፈቀድም፤ በክርንና በእጅ መምታትም እንዲሁ።

ወደ ዳኞች እንምጣ። ሙሉው ቁጥር 7 ባለ ጎማ ዳኛ ነው፤ ለጀማሪ ቡድን 3 ያስኬዳል፦ ለእያንዳንዷ ጃመር አንድ፣ ብሎከሮቹን የሚያይ አንድ። በእግር የሚቆሙ 4 ሰዎች ጨምሩ፦ የጃም ሰዓት፣ ነጥብ፣ ቅጣት፣ የቅጣት ወንበር። አንድ አጭር ፊሽካ ጃም ያስጀምራል፣ ሁለት ፈጣን መሪዋን ያስታውቃል፣ አራት ፈጣን ጃሙን ይዘጋል፣ አንድ ረጅም ቅጣት ነው። ዳኛው ቀለም፣ ቁጥር፣ ጥፋት ብሎ በእጅ ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱ ስላለ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ መቻሉ አያሳስብም። ተጫዋቾች የቀልድ ስም ማውጣታቸው የደርቢ ባህል ነው፣ ቤተሰብ ፊት የማያሳፍር ይሁን እንጂ ይለመድ። ዳኛ የሚጠራው ግን ቁጥሩን ነው፤ ስለዚህ ጀርባ ላይ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ቁመት ይኑረው።

ቅጣት ወንበር ላይ 30 ሰከንድ ነው፤ 7 ቅጣት ያስወጣል። ወረቀቱ የሚሳከረው ሁለቱም ጃመሮች ሲቀጡ ነው፦ ሁለተኛዋ እንደተቀመጠች የመጀመሪያዋ ትለቀቃለች፣ ሁለተኛዋም የመጀመሪያዋ የቆየችውን ያህል ብቻ ትቀመጣለች። ይህን ሰዓት ያዡ ደጋግሞ ይለማመደው። ሁለት የሕክምና ባለሙያ ሳይቀመጡ ጨዋታ አይጀመር፤ ጅማ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናትና ምክንያት የለም። ናስትሮውን ማታውኑ አንሡ፤ ፀሐይ ከመታው ሙጫው ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩን ፈቃድ ያስከለክላል።