የዳታቤዝ ጫና የምትከታተሉ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) ላይ እያንዳንዷ ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ፣ ስንቴ እንደተጠራችና በጠቅላላ ምን ያህል እንደፈጀች የሚቆጥረውን ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን ከፍቶ፣ በጠቅላላ ጊዜ ደርድሮ፣ ከላይ የወጣችውን ኩዌሪ ስክሪንሾት አንስቶ "ዛሬ ጠዋት ሲስተሙን ያንቀራፈፈችው ይቺ ናት" ብሎ ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ ሰው አሁንም አለ። ኧረ በናታችሁ! እዛ ላይ ያለው ቁጥር የዛሬ አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ ሪሴት ከተደረገ (ወደ ዜሮ ከተመለሰ) ጀምሮ የተጠራቀመ ነው፣ ሰርቨሩ በስርዓት ጠፍቶ ቢነሳ እንኳን አይጠፋም። የመብራት ቆጣሪ በሉት፣ ያለፈውን ንባብ ካልያዛችሁ የዚህ ወር ፍጆታ ከየት ይመጣል?

አማካዩ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ኩዌሪ 10 ሚሊዮን ጊዜ በ2 ሚሊሰከንድ ስትሰራ ኖራ ዛሬ አንዱ ኢንዴክሷን (ዳታውን ቶሎ የምታገኝበትን ማውጫ) አጥፍቶባት 1,000 ጊዜ በ500 ሚሊሰከንድ ብትሰራ አማካይዋ ስንት የሚሆን ይመስላችኋል? 2.05። ደንበኛ እየደወለ ይጮሃል፣ እናንተ "አማካዩ ያው 2 ነው፣ ችግሩ ኔትወርክ ነው" ትላላችሁ። ሁሌ ኔትወርኩ ነው እኮ ጥፋተኛ።

ስራው ከባድ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። በየ10 ደቂቃው ኩዌሪ አይዲውን ከዩዘሩና ከዳታቤዙ ጋር፣ የተጠራበትን ብዛትና ጠቅላላ ጊዜውን፣ ሰዓቱን ጨምራችሁ ሌላ ቴብል ላይ ገልብጡ፣ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ስራ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ይበቃል፣ ከዛ ካሁኑ ላይ የበፊቱን ቀንሱ በቃ። ጠዋት 3:00 ላይ 7,200,000 የነበረው 3:10 ላይ 7,500,000 ከሆነ (ሚሊሰከንድ ነው) በ600 ሰከንድ ውስጥ 300 ሰከንድ በልታለች፣ ማለትም ያቺ ኩዌሪ ብቻዋን በአማካይ የአንድ ኮኔክሽን ግማሽ ጊዜ ይዛለች። ልዩነቱ ኔጌቲቭ ከመጣ ወይ አንድ ሰው ሪሴት አድርጓል ወይ ኩዌሪዋ ከዝርዝሩ ወጥታ ተመልሳለች፣ መስመሩን ጣሉት እንጂ ዜሮ ብላችሁ ግራፍ ውስጥ አትክተቱት።

በየሌሊቱ ሪሴት ማድረግ መፍትሄ የሚመስላቸውም አሉ። አይደለም፣ የሌላውን ሰው ታሪክ ነው የምታጠፉት።

ስሎው ሎግ (ቀርፋፋ ኩዌሪዎች የሚመዘገቡበት) ብቻ ማየት። ማይኤስኪውኤል (ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ላይ ካልነካችሁት ስሎው የሚባለው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀ ነው፣ 10 ሰከንድ! በቀን አንዴ 8 ሰከንድ የምትፈጅ ሪፖርት ማንንም አትጎዳም፣ 3 ሚሊሰከንድ የምትፈጅ ግን በሰከንድ 400 ጊዜ የምትጠራ ኩዌሪ በየሰከንዱ 1.2 ሰከንድ ስራ ትፈጥራለች፣ ሎጉ ላይ ደግሞ መቼም አትታይም። አንድ የሰራሁበት ቦታ የደንበኞች ዝርዝር ገጹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የቅርንጫፉን ስም ለብቻው ይጠይቅ ነበር፣ ስሎው ሎጉ ባዶ፣ ሲፒዩው ጣሪያ ነክቷል፣ ትልቅ ሰርቨር ይገዛ ተብሎ ፕሮፎርማ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የፈታው አንድ ጆይን (ሁለቱን ቴብል በአንድ ኩዌሪ ማገናኘት) ነው።

ጊዜ የበላች ሁሉ ጥፋተኛ አይደለችም። ሎክ (ሌላው የያዘውን እስኪለቅ) የጠበቀችበትም እዛው ላይ ይቆጠራል፣ ስለዚህ አንዲት ቀላል አፕዴት በድንገት ከላይ ከወጣች ኢንዴክስ ከመጨመራችሁ በፊት አሁን እየተሰራ ያለውን በሚያሳየው ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ላይ ምን እየጠበቀች እንደሆነ እዩ። እሱም የዛችን ቅጽበት ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ አንዴ አይታችሁ አትደምድሙ።

የፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ዝርዝር ሲሞላ ዝም ማለት። ካልቀየራችሁት 5,000 ኩዌሪ ነው የሚይዘው፣ ከዛ ብዙ ያልተጠሩትን እያስወጣ ይቀጥላል። ከፖስትግሬስ 18 በፊት ባሉት ቨርዥኖች ኦአርኤማችሁ (ከኮዳችሁ ኩዌሪ የሚጽፍላችሁ ላይብረሪ) ኢን በሚባለው የኩዌሪ ዝርዝር ውስጥ አንዴ 3 አንዴ 47 አይዲ እየላከ ከሆነ እያንዳንዱ ርዝመት ለየብቻ ይመዘገባል፣ ቶሎ ይሞላል።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። ብዙ ሰርቨር ዩቲሲ (ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ነው፣ ግራፉ 06:00 ሲል እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ቢሮ ሁሉ ሲስተም የሚከፍትበት። ጀማሪ ልጅ 06:00 አይቶ "ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ ባክአፑ ይሆናል" ሲል ሰምቼ መሳቅም መቆጣትም አቅቶኝ ያውቃል።

ሰኞን ከእሁድ ጋር አታወዳድሩ፣ ካለፈው ሰኞ ጋር እንጂ። ደሞዝ ሰሞንን ካለፈው ደሞዝ ሰሞን ጋር፣ በኛ አቆጣጠር የሚከፍል መስሪያ ቤት ከሆነ 30 ቀን ወደኋላ መሄድ ይበቃል፣ የመስከረሙን ከነሐሴው ጋር ስታዩ ግን ጳጉሜን ደምሩ። ስለዚህ የገለበጣችሁትን ዳታ 40 ቀን ሳይሞላው አታጥፉት።